ከሳጥን ጫፍ የሚጀምር ጫና

ዲሲ ዩናይትድ ከኒውዮርክ ሬድ ቡልስ ጋር ሲጫወት የተመለከተ ሰው ጫና ምን እንደሆነ ያውቃል። ሬድ ቡልሶች፣ በተለይ እ.ኤ.አ. በ2015 አሰልጣኝ ጄሲ ማርሽ ቡድኑን ከያዘ ወዲህ፣ ተጋጣሚያቸው ኳስ ሲጀምር ሳጥኑ ጫፍ ድረስ ሄደው ትንፋሽ ያሳጡታል።

አሰልጣኝ ታዲያ ምን ያድርግ? ረጅም ኳስ መምታት አንድ መላ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ኳሷን ለባላጋራ ማስረከብ ይሆናል። እኔ የምመርጠው ሌላውን ነው። ግብ ጠባቂው ኳሷን እግሩ ሥር አቁሞ ይጠብቃል። የመሀል ተከላካዮቹ በግራና በቀኝ ይሰፋሉ። አጥቂው ግብ ጠባቂውን ለመጫን ሲወጣ፣ ይጠብቀው የነበረው ተጫዋች ነፃ ይሆናል። በቀጥታ ኳስ ማድረስ ካልተቻለ፣ አማካዩ ጀርባውን ለግብ ሰጥቶ ይቀበልና በአንድ ንክኪ ወደዚያ ነፃ ሰው ይመልሳል። ከዚያ ወዲያ የሚጠብቀው ሰፊ ሜዳ ነው።

በእኛ አገር፣ በኢትዮጵያ፣ በኳስ ቅብብል የማመን ነገር ሲነሳ ውበቱ አባተ ይጠቀሳል። በ2003 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ቡናን ለሊግ ዋንጫ ያበቃ አሰልጣኝ ነው። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ ብሔራዊ ቡድናችን በእሱ አሰልጣኝነት ሊሎንግዌ ላይ ግብጽን 2 ለ 0 ረታ፤ ግቦቹ የዳዋ ሆቴሳና የሽመልስ በቀለ ናቸው። የግብጹ ኮከብ ሳላህ በጨዋታው አልነበረም፤ ቢሆንም ያ ድል ያኮራል።

ቅዳሜና እሁድ ልጆች የምታሠለጥኑ፣ አንድ አደራ አለን፦ ግብ ጠባቂያችሁ በአጭር ቅብብል ተሳስቶ ግብ ቢቆጠርበት አትቆጡት። ከተቆጣችሁት ቀጣዩን ኳስ በጭፍን ይለጋዋል።