የጠጠረ ጨው ምን ይነግረናል?
በእርጥበት የጠጠሩ የጓዳ ምግቦች አያያዝ

ሞዴል አርሶ አደሮች፣

ስለ ማሳ ብዙ ተነጋግረናል፤ ዛሬ ወደ ጓዳ እንግባ። ሐምሌና ነሐሴ ሲመጣ ጨው እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፣ ስኳር ይጓጉላል፣ ሽሮና በርበሬ ይጋገራል። አንዳንዱ ቤት ሁሉንም ይደፋና ይከስራል። ሌላው ደግሞ “የእግዜር ጸጋ አይጣልም” ብሎ ሁሉንም ይበላና ጤናውን ያጣል። ስለዚህ የሚድነውን ከማይድነው መለየት ያስፈልገናል።

1. የሚድኑት፦ ጨውና ስኳር

ጨውና ስኳር እርጥብ አየር ሲያገኛቸው ላያቸው ይሟሟል፤ አየሩ ሲደርቅ ደግሞ ፍሬዎቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ። ጠጠሩ እንጂ አልተበላሹም።

የጠጠረ ጨው በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በዘነዘና ስበሩት፤ ነፋስ በሚገባበት ጥላ ሥር አሰጡት፤ ሲደርቅ ውቀጡትና ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ አስቀምጡት። አዮዲን ያለው ጨው ከሆነ አትጠቡት፣ ፀሐይ ላይም አታቆዩት፤ እንቅርትን የሚከላከለው አዮዲን በውኃና በፀሐይ ይቀንሳል። አልሰበር ያለውን በጥቂት ውኃ አሟሙታችሁ ለወጥ ተጠቀሙበት። ስኳርንም እንዲሁ ስበሩት፤ እሳት ላይ ግን አታድርጉት፣ ይቀልጣል።

2. ምርመራ የሚሹት፦ ዱቄት፣ ሽሮና በርበሬ

እነዚህ የእህልና የቅመም ውጤቶች ስለሆኑ ሻጋታ ያበቅላሉ። የተጋገረውን በጣታችሁ ፍርፍር አድርጉት። ወዲያው ዱቄት ከሆነ፣ ቀለሙ ካልተለወጠ፣ ሽታው ጤነኛ ከሆነና ነቀዝ ከሌለበት ይድናል። በወንፊት ንፉት፤ ሽሮውን በለስላሳ እሳት ምጣድ ላይ እያማሰላችሁ አድርቁት። ፈጽሞ ሳይቀዘቅዝ ግን አትክደኑት፤ ትኩሱ ሲከደን ያልበዋል፣ መልሶም ይጋገራል። የዳነውን አስቀድማችሁ ጨርሱት።

ሻጋታ ከሸተተ ወይም አረንጓዴ፣ ግራጫ ወይም ጥቁር ነጠብጣብ ካያችሁበት አትቅመሱት። የሻገተውን ጓል ብቻ አንስቶ የቀረውን መብላትም አያዋጣም። አንዳንድ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይሠራል። መርዙ በዓይን አይታይም፤ ጉበትን ይጎዳል፤ በመቀቀል፣ በመጋገርም ሆነ በመቁላት ተሟጦ አይጠፋም። “ለላሟ ይሁን” የምንል ካለን ደግሞ እናስተውል፤ ላም የተመረዘ መኖ ስትበላ መርዙ በወተቷ ይወጣል፣ ወተቱንም ልጆቻችን ይጠጡታል። ዶሮም ይጎዳል። የሻገተውን ከሰውና ከእንስሳት አርቃችሁ ቅበሩት።

በርበሬ የምትሸጡም ስሙኝ፤ ዛላው እንዳይሰባበር ወይም ሚዛን እንዲደፋ ብሎ ውኃ መርጨት ሻጋታን በእጅ መዝራት ነው።

3. ከጓዳ ወደ ጎተራ

የጠጠረው ጨው መልእክት አለው። ንጹሕ ጨው ከአየር ውኃ መሳብ የሚጀምረው የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት ወደ 75 በመቶ ሲደርስ ነው። በተከማቸ እህል ላይ ሻጋታ ማደግ የሚጀምረው ደግሞ ከ70 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ጨዋችሁ ሲረጥብና ሲጠጥር እዚያው ቤት ያለው በቆሎና ማሽላም አደጋ ላይ ነው ማለት ነው። ጨዉን ሰብራችሁ ብቻ አትተዉት፤ ጆንያውንም ክፈቱና እዩ።

እህሉ መድረቁን በዚያው በጨው መፈተን ይቻላል። ፈጽሞ የደረቀ የመስታወት ጠርሙስ አዘጋጁ። ሲሶውን በተፈለፈለ እህል ሙሉት፤ ሁለት ወይም ሦስት የሾርባ ማንኪያ በደንብ የደረቀ ደቃቅ ጨው ጨምሩበት። ከድናችሁ ለ1 ደቂቃ ናጡትና ለ15 ደቂቃ አስቀምጡት። ጨዉ ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ የእህሉ እርጥበት ከ15 በመቶ በላይ ነው፤ እንደገና ይሰጣ። ካልተለጠፈ ከ15 በመቶ በታች ነው። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ በቆሎ ግን እስከ 13 በመቶ መድረቅ ስላለበት፣ ፈተናውን ካለፈም በኋላ ተጨማሪ ፀሐይ አይጎዳውም። በተለይ አየር በማያስገባ ከረጢት ወይም በብረት ጎተራ የምታስቀምጡ ከሆነ ሳይደርቅ አትክተቱት።

ጆንያዎቹን በርብራብ ላይ ደርድሩ፤ ከግድግዳ አርቁ፤ ጣሪያው እንዳያፈስ ከክረምት በፊት ፈትሹ። የጓዳ ዕቃ ስትቀዱ ደረቅ ማንኪያ ተጠቀሙ፤ ከምድጃው እንፋሎት አርቁት፤ በርበሬና ሽሮ ክረምቱን የሚያደርሰውን ብቻ አስፈጩ።

ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ የጨው ዕቃችሁን ክፈቱ። ጠጥሮ ካገኛችሁት ነገ ጠዋት ጠርሙስ ይዛችሁ ወደ ጎተራው ሂዱ፤ ፈተናውንም ጎረቤቶቻችሁ ባሉበት አሳዩ። ሞዴል የተባላችሁት ሌላው ከእናንተ አይቶ እንዲማር ነውና።