የብራውዘሮች ልዩነትና የጉና ሥር ተጠቃሚ
(በደብረ ታቦር ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የታዘዝሁት ርእስ ከላይ ሲታይ ቀላል ይመስላል። በኢንተርኔት ላይ ያሉትን ገጾች ፈልጎ የሚያመጣልንና እንድናነባቸው አድርጎ የሚያሳየን መሣሪያ ብራውዘር ይባላል፤ «አሳሽ» ወይም «መቃኛ» ብለው የሚጠሩትም አሉ። ዓይነቱ ብዙ ስለ ሆነ፣ «ከሁሉ የሚሻለው የትኛው ነው?» ብሎ የማይጠይቀኝ ሰው የለም። እኔም ለብዙ ጊዜ «ፈጣኑ ነዋ!» እያልሁ እመልስ ነበር። መልሴ እንደማያዋጣ ያስተማረችኝ አንዲት ተማሪ ናት።

ልጅቱ ከጉና ተራራ ሥር ካለ ቀበሌ ወደ ደብረ ታቦር የመጣችው፣ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ተቋም ለመመዝገብ ነበር። የምዝገባው ጊዜ የሚያበቃው በዚያው ዕለት ማታ ነው። ቅጹን በእጅ ስልኳ ሦስት ጊዜ ሞልታ፣ «ቀጥል» የሚለውንም ሦስት ጊዜ ተጭናለች፤ ገጹ ግን አልንቀሳቀስም ብሎ ቀረ። ጥፋቱ የራሷ መስሏት አፍራ ነበር። ስልኩን ተቀብዬ ባየው፣ ለካስ በኦፔራ ሚኒ ትሠራ ኖሯል። ያንኑ ገጽ በዚያው ስልክ ላይ በነበረው በክሮም ብንከፍተው ወዲያው አለፈ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ክሮም፣ ፋየርፎክስና ሳፋሪ የገጹን ጥሬ ዕቃ ወደ ስልካችን አምጥተው እዚያው ያዘጋጁታል። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ኦፔራ ሚኒ ግን፣ እጅግ በሚቆጥበው ስልቱ ሲሠራ፣ ገጹን የሚያዘጋጀው በሩቅ ባለ የኩባንያው ሰርቨር ላይ ነው፤ ወደ እኛ የሚደርሰው ተጨምቆ ያለቀለት ውጤት ብቻ ነው። በዚህ ዘዴ የሚጓዘው መረጃ እስከ 90 በመቶ ሊቀንስ ይችላል።

ይህ ብራውዘር ለአገራችን ያበረከተውን አገልግሎት ማቃለል ግፍ ይሆናል። ሜጋባይት እየቆጠረ ለሚከፍል ተማሪ ቁጠባው ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ከዚህም በላይ፣ የአማርኛ ፎንት ባልነበራቸው በቀድሞዎቹ ባለ ቁልፍ ስልኮች ላይ ፊደላችን ባዶ ሣጥን ሆኖ ሲታይ፣ ኦፔራ ሚኒ ሆሄያቱን በሥዕል መልክ የሚልክ ምርጫ ነበረው። (በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ ቈጣቢውም አባካኙም እኩል ሥራ ፈትተው እንደ ነበር ግን አይዘነጋም።)

ይሁን እንጂ ቁጠባው ዋጋ ያስከፍላል። ገጾችን የሚያንቀሳቅሰው ጃቫስክሪፕት የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ በዚህ ስልት በሰርቨሩ ላይ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ሠርቶ ይቆማል። ስለዚህ ተጠቃሚው በነካቸው ቁጥር ወዲያው መልስ መስጠት ያለባቸው ቅጾች ይሰናከላሉ፤ የልጅቱም መከራ ከዚህ የመጣ ነበር። ሁለተኛው ከዚህ ይከብዳል። ሰርቨሩ ገጹን ለማዘጋጀት ምስጢሩን መፍታት ስላለበት፣ የይለፍ ቃላችን ከስልካችን እስከ ባንኩ ድረስ እንደ ታሸገ አይደርስም፤ በመካከል ተከፍቶ እንደገና ይታሸጋል። ኩባንያው ጉዳያችንን ያነባል ብዬ አልከስስም፤ ለማንበብ በሚችልበት ቦታ ላይ መቀመጡ ግን እውነት ነው። ለጋዜጣ ንባብ ይህ አያሳስብም። የባንክ ሒሳብ ለማንቀሳቀስ ግን እኔ በበኩሌ አልጠቀምበትም።

የቀሩት ብራውዘሮች እርስ በርሳቸው የሚለያዩት በስማቸው ብዛት ልክ አይደለም። ክሮም፣ ኤጅና የኮምፒዩተሩ ኦፔራ በውስጣቸው ብሊንክ የተባለ አንድ ሞተር ይዘዋል። ኦፔራ የራሱን ሞተር የተወው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው፤ ማይክሮሶፍትም ኤጅን ወደዚሁ ያዛወረው በ2020 ነው። ሳፋሪ በዌብኪት፣ ፋየርፎክስ ደግሞ በጌኮ ይሠራሉ። እንግዲህ ገበያው በስም ቢሞላም ማቅለጫው ጥቂት ነው። እዚሁ አጠገባችን በጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ መድፉ በአገር ውስጥ እንዲቀለጥ የደከሙበትን ጉዳይ ይህን ባሰብሁ ቁጥር አስታውሳለሁ።

አንድ ብራውዘር ብቻውን ሲገንን የሚከተለውንም አይተናል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ገበያውን የያዘው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ነበር፤ ብዙ ባለሙያዎችም ገጾቻቸውን ለእርሱ ብቻ ሠሩ። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በጁን 2022 ድጋፉን ሲያቆም እነዚያ ገጾች ወላጅ አልባ ሆኑ። ዛሬም በክሮም ብቻ ሞክረው «ይሠራል» የሚሉ የሙያ ባልደረቦች አሉን። በዚህ እኔም ራሴ ንጹሕ አይደለሁም።

ፊደላችንን በሚመለከት ልዩነቱ ጠቧል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ከመካተቱ በፊት፣ አንድ የአማርኛ ገጽ ለማንበብ ጸሐፊው የተጠቀመበትን ፎንት መጫን ግድ ነበር፤ አለዚያ የሚታየው ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ነው። ዛሬ ዋና ዋናዎቹ ሁሉ ፊደሉን ያውቁታል፤ የሆሄውን መልክ የሚወስነው በአብዛኛው በመሣሪያው ላይ ያለው ፎንት ነው።

ሁሉም አንድ የሆኑበት ጉድለት ግን አለ። ቀን የሚመረጥበት ሣጥናቸው የተሠራው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው። ያች ተማሪ የተወለደችው ጥር 12 ቀን 1998 ዓ.ም. ነው፤ በክሮም በተከፈተውም ቅጽ ላይ ዓመቱን 1998 ብላ መረጠች። ሣጥኑ ሳይጠይቅ ተቀበለ፤ በ8 ዓመትም አስረጃት። መታወቂያዋና ቅጹ ባይስማሙ የሚጣለው ማመልከቻ የእርሷ ነበር።

ስለዚህ ገጽ የምንሠራ ሁላችን፣ ሥራችንን ከማስረከባችን በፊት በኦፔራ ሚኒና በፋየርፎክስም እንድንከፍተው፣ በአሮጌ ስልክና በደካማ መስመርም እንድንሞክረው አሳስባለሁ። ቅጹ በኦፔራ ሚኒ የማይሠራ ከሆነ፣ በገጹ ራስ ላይ በአማርኛ አንድ መስመር ማስጠንቀቂያ መጻፍ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። የልደት ቀንም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፎ፣ ስሌቱን መሣሪያው እንዲሠራው ማድረግ ይቻላል።

በዚያ ምሽት ቀኑን ወደ ጃንዋሪ 20 ቀን 2006 አርመን ስንልከው፣ ምዝገባው ሊዘጋ የቀረው 20 ደቂቃ ነበር።