ከሐዲድ ዳር ያለውን የድሮ ቤት እንግዛው ወይስ ይቅርብን?

(በሠፈራችን ነዋሪዎች ማኅበር ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር፤ በስብሰባው ላልተገኙ ነዋሪዎች ሲባል በሰሌዳው ላይ የተለጠፈ)



ለዛሬ የተያዘው አርእስት የቤት ግዢ ነው። ይኸውም ማንኛውም ቤት ሳይሆን እዚሁ ድሬዳዋ ከባቡር ሐዲድ ዳር ያለ፣ ግርማ ሞገስ ያለው የድሮ ቤት ነው። በዚህ ዓመት አራት የማኅበራችን አባላት በተለያየ ጊዜ ወደ ኮሚቴያችን መጥተው «እንግዛው ወይስ ይቅርብን?» ሲሉ ጠይቀውናል። ለአራቱ ለየብቻ ከምንመልስ ለሁላችሁም በአንድነት ብንነግር ይሻላል ብለን ተነሥተናል። ቤት በዕድሜ አንድ ጊዜ የሚገዛ ዕቃ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ!

እንደሚታወቀው ከተማችን የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ አስቸጋሪ ስለሆነ ከግርጌው ቀረ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ እዚህ ሲደርስ ድሬዳዋ ተቆረቆረች፤ በመጀመሪያ ስሟም አዲስ ሐረር ትባል ነበር። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው ከ14 ዓመት በኋላ፣ በ1909 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ በእነዚያ ዓመታት የባቡሩ ኩባንያና ነጋዴው ቤቱንም መጋዘኑንም ወደ ጣቢያው አስጠግቶ ሠራ። ዛሬ በከዚራ ዛፍ ጥላ ሥር ስናልፍ የምናያቸው፣ ግድግዳቸው ወፍራም፣ ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ በረንዳቸው ሰፊ የሆኑት ቤቶች የዚያ ዘመን ትራፊዎች ናቸው።

እነዚህን ቤቶች የሚወድ ሰው አልተሳሳተም። የድሬን ሙቀት የምታውቁት እናንተው ናችሁ። በብሎኬት ተሠርቶ ቆርቆሮው አናት ላይ የተደፋበት ቤት በሚያዝያና በግንቦት ምድጃ ነው። የድሮው ቤት ግን ወፍራም ግድግዳው የቀኑን ሐሩር ቶሎ አያሳልፍም፤ ሙቁ አየርም ወደ ላይ ወጥቶ ለሰው ቦታ ይለቃል። ገበያው ቅርብ ነው፣ ትምህርት ቤቱ በእግር ነው። ስለዚህ «አሮጌ ነው፣ ተዉት» የሚለውን ምክር እኛ አንደግፍም። የምንለው፣ ከመውደድ በፊት አራት ጥያቄ ይጠየቅ ነው።

አንደኛው ጥያቄ፤ ሻጩ በእርግጥ ባለቤት ነወይ? ይህ ከሁሉ ይቀድማል። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጠው ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። የባቡር ድርጅቱም ለሠራተኞቹ የሚያከራያቸው የራሱ ቤቶች ነበሩት። በመሆኑም ከሐዲድ ዳር ያለ የድሮ ቤት ሲቀርብላችሁ የግል፣ የቀበሌ፣ የኪራይ ቤቶች ወይም የባቡር ድርጅት ሊሆን ይችላል። ከውጭ ሲታዩ አራቱም አንድ ናቸው። አንድ ቤተሰብ አርባ ዓመት ኖሮበት፣ ልጆቹን ድሮበት፣ ዛፉን ተክሎ አሳድጎበት ሊሆን ይችላል፤ ያ ግን ባለቤት አያደርገውም። እንዲህ ያለው ሰው የሚሸጠው ቤት ሳይሆን ቁልፍ ነው። ቁልፍ የገዛ ሰው ደግሞ አከራዩ መሥሪያ ቤት በመጣ ቀን ቁልፉን ይዞ ውጭ ይቀራል።

ስለዚህ ካርታውን ቅጂውን ሳይሆን ዋናውን እዩ፤ ከዚያም ከመሬት ጽሕፈት ቤት ፋይል ጋር አስተያዩት። ዕዳና እገዳ እንደሌለበት በጽሑፍ ይረጋገጥ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነና ቤቱ የጋራ ከሆነ በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቤተሰብ ሕግ መሠረት ባልና ሚስት ሁለቱም መስማማት አለባቸው። የውርስ ቤት ከሆነ ወራሾቹ ሁሉ ይፈርሙ። «ጅቡቲ ያለው ወንድሜ ወክሎኛል» ከተባለም ውክልናው ይነበብ። «ማናቸውንም ጉዳይ እንዲፈጽም» የሚል ጠቅላላ ውክልና ቤት ለመሸጥ አይበቃም፤ መሸጥ እንደሚችል ተለይቶ መጻፍ አለበት። ውሉም በጽሑፍ ሆኖ በውልና ማስረጃ ፊት ካልሆነ ይቅር። በሠፈር ሽማግሌ ፊት የተፈረመች ወረቀት ለፍቅር ጥሩ ናት፣ ለቤት ግን አትሆንም።

ሁለተኛው ጥያቄ፤ መሬቱ የት ላይ ያበቃል? በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም አይለወጥም፤ የምትገዙት በላዩ ያለውን ቤት ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅም ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ወደ ሦስተኛ ሰው ሲተላለፍ ተቀባዩ በሊዝ እንደሚይዘው ደንግጓል። ይህ ወጪ ስላለው ከዋጋው ጋር አብሮ ይታሰብ።

የሐዲድ ዳር ቤት ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለበት። ባቡር ከሐዲዱ ግራና ቀኝ የራሱ መሬት አለው። ባቡሩ ሲጠፋ ሰው ቀስ በቀስ ወደዚያ ይገፋል፤ ዛሬ የዶሮ ቤት፣ ነገ ኩሽና፣ ከነገ ወዲያ ግንብ አጥር! ስለሆነም ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ካርታው የሚለውንና አጥሩ የከለለውን ለክታችሁ አወዳድሩ። ትርፍ ሆኖ የተገኘው የሻጩ ስላልሆነ ሊሸጠው አይችልም። መንግሥት መሬቱን ለሕዝብ ጥቅም ቢፈልገው በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ካሣ የሚያስከፍለው በሕጋዊ ይዞታ ላይ ላለ ንብረት ነው። ተገፍቶ የተሠራ ኩሽና ካሣ ይገኝበታል ብሎ ማሰብ ከንቱ ተስፋ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ፤ ሐዲዱ ዝም ብሏል ማለት ሞቷል ማለት ነወይ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ደላላው «አቦ፣ ባቡሩ እኮ ድሮ ቀርቷል፣ ምን አስጨነቃችሁ!» ይላል። እውነት ነው፣ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ያለው የድሮው መስመር በ2000 ዓ.ም. ገደማ ሥራ አቁሟል። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ሲመረቅም የሐዲዱ ስፋት ከድሮው የተለየ ስለሆነ የራሱን መንገድ ይዞ ጣቢያው ከከተማ ውጭ ሆነ። የድሮው ስፋት 1 ሜትር ነው፤ የአዲሱ 1 ሜትር ከ43.5 ሳንቲ ሜትር ነው። ይሁን እንጂ ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ ጠረፍ የሚወስደው የድሮ መስመር ዝም ካለ በኋላ ተጠግኖ በ2005 ዓ.ም. ገደማ እንደገና ባቡር ሄዶበታል። በዚያ የዝምታ ጊዜ «ባቡር የለም» ተብሎ ቤት የገዛ ሰው ካለ የባቡሩን ጥሩምባ ከአልጋው ላይ ሆኖ ሰምቷል ማለት ነው።

ባቡር ባይመለስም መሬቱ ሜዳ ሆኖ አይቀርም። በአዲስ አበባ ለገሃር አካባቢ በ2011 ዓ.ም. ትልቅ የመልሶ ማልማት ዕቅድ ይፋ ሆኖ እንደነበር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ሰፊ መሬት በከተማ መሐል ሲገኝ አንድ ቀን አንድ ነገር ይታሰብለታል። እዚያው አዲስ አበባ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ቀላል ባቡር ሥራ ሲጀምር መሬት ለመሬት በሚሄድበት ቦታ መንገዱን ለሁለት ከፈለው፤ ፊት ለፊት ያለ ጎረቤት ጋ ለመሄድ መሻገሪያ ፍለጋ መዞር ግድ ሆነ። እንግዲህ ሐዲድ የሚያስቸግረው በጩኸቱ ብቻ አይደለም።

ስለ ጩኸቱም ቢሆን የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2018 ለአውሮፓ ባወጣው መመሪያ የባቡር ድምፅ በቀንና ሌሊት አማካይ ከ54 ዴሲቤል፣ በሌሊት ደግሞ ከ44 ዴሲቤል በታች እንዲሆን መክሯል። ከዚያ ሲያልፍ ለጤና አይበጅም፣ እንቅልፍም ያውካል። ስለዚህ መኝታ ቤቱ በየት በኩል ነው? መስኮቱ ወደ ሐዲድ ነው ወይስ ወደ ጓሮ? መኪናና ሰው የሚሻገርበት ቦታ ቅርብ ከሆነ ባቡሩ ጥሩምባውን የሚነፋው እዚያ ነው። ዛሬ ያለው ጸጥታ በካርታ ላይ አልተጻፈም፤ ስለዚህ ለጸጥታው ብላችሁ ብር አትጨምሩ። ቤቱ ባቡር እያለም የሚኖርበት ከሆነ ጥሩ ቤት ነው።

አራተኛው ጥያቄ፤ የቤቱ ጤና እንዴት ነው? ቀለም አትዩ፤ ቀለም የአንድ ቀን ሥራ ነው። ስንጥቅ ፈልጉ። እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ብዙ አያሰጋም። ከመስኮት ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ የሚወርድ፣ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ግን መሠረቱ መንቀሳቀሱን ሊናገር ይችላል። የሚሰጋውን ስንጥቅ በእርጥብ ጀሶ ድፈኑትና ቀኑን ጻፉበት። ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ ጀሶው ከተሰነጠቀ ግድግዳው ገና እየሄደ ነው። በኖራ የተሠራ የድንጋይ ግድግዳ በሲሚንቶ ተለስኖ ከሆነም ልብ በሉ፤ ሲሚንቶው እርጥበቱን ውስጥ ያፍነዋል፣ ልስኑም ቅርፊት ቅርፊት እያለ ይረግፋል። በርና መስኮቱን፣ የጣሪያውን እንጨት በቢላ ጫፍ ወጋ ወጋ አድርጉ፤ ቢላው ያለ ችግር ከገባ ምስጥ ቀድሟችኋል።

ከሁሉ በላይ ውኃውን እንጠይቅ። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በዚያች ሌሊት ደቻቱ ያደረሰብንን ማን ይረሳል? ከ200 በላይ ወገኖቻችንን አጥተናል። ድሬ ላይ ጠብ ሳይል ደጋ ላይ የዘነበው ይወርድብናል። የሐዲዱ መደብ ከፍ ብሎ ስለተሠራ ለጎርፍ እንደ ግድብ ነው፤ ውኃው የሚያልፈው ከሥሩ ባሉት ቱቦዎችና ድልድዮች ነው። ቱቦው በአሸዋና በፌስታል ከተደፈነ ውኃው የሚተኛው ከመደቡ ወዲህ ባለው ግቢ ነው። ስለዚህ ጎንበስ ብላችሁ ቱቦውን ተመልከቱ፤ የጎረቤት እናቶችንም ጠይቁ፤ «ውኃው እስከ የት ደረሰ?» ስትሏቸው ግድግዳው ላይ በእጃቸው ያሳዩአችኋል።

ይህን ሁሉ የምንለው እንዲሁ በቃል አይደለም። ካነጋገሩን አራት አባላት አንዱ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ከባለቤታቸው ጋር ሆነው ያዩት ቤት ባለ ሰፊ በረንዳ ነው፤ ግቢው ውስጥ ትልቅ የኒም ዛፍ አለ። ገንዘቡ ልጃቸው ቤይሩት ስምንት ዓመት ሠርታ የላከችው ነው። እናትየዋ «ጋሼ ሊቀመንበር፣ ይህ ብር አይደለም፣ የልጄ ጉልበት ነው» ሲሉን ሁላችንም ዝም አልን። ከኮሚቴው ሦስት ሰው አብረን ሄድን። ካርታው ትክክለኛ ነው፤ የግል ቤት ነው። ካርታው 240 ካሬ ሜትር ሲል አጥሩ የከለለው ግን 310 ሆኖ ተገኘ። ትርፉ 70 ካሬ በሐዲዱ በኩል ነው፤ ኩሽናውም ያለው እዚያ ላይ ነው። ስንጥቁ ላይ የተደፈነው ጀሶ እስከ አሁን አልተነካም። ከሦስቱ ወራሾች የአንዱ ውክልና ግን ገና አልመጣም።

ሻጮቹ «ሌላ ገዢ አለን፣ ዛሬውኑ ቀብድ አምጡ» ብለው ነበር። እኛ ግን «ሦስተኛው ወራሽ ሳይፈርም አንዲት ብር አትውጣ፤ ዋጋውም በ240 ካሬና ያለ ኩሽናው ይታሰብ» አልናቸው። ቀብድ ቀልድ አይደለም። ሕጉ እንደሚለው ገዢ ከውሉ ቢያፈገፍግ ቀብዱ ይቀርበታል፤ ሻጭ ቢያፈገፍግ እጥፉን ይመልሳል። ግን የመሸጥ ሥልጣን ከሌለው ሰው እጥፉን ለማስመለስ ስንት ዓመት ፍርድ ቤት እንደሚያመላልስ አስቡት! «ሌላ ገዢ» የተባለው እስከ ዛሬ አልታየም። መምህሩም እየጠበቁ ነው። በዚህ አካሄድ ከተገዛ ጥሩ ግዢ ይሆናል፤ ካልተገዛም የልጅቷ ገንዘብ ባንክ ነው፣ አልጠፋም።

በአጭሩ ምክራችን ይህ ነው። ሻጩ ባለቤት ከሆነ፣ ዋጋው በካርታው ልክ ከሆነ፣ ግድግዳውና ውኃ መውረጃው ደኅና ከሆነ፣ ነገ ባቡር ቢመለስ መኝታ ቤታችሁ የሚያስተኛችሁ ከሆነ፣ ግዙት! እንዲህ ያለ ቤት ዳግመኛ የሚሠራ የለም፤ የሚኖርበትና የሚጠግነው ሰው ሲያገኝ ለከተማችንም ደስታ ነው። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ የጎደለው እስኪሟላ ታገሡ፤ ካልተሟላ ተዉት፣ በረንዳው ምንም ያህል ቢያምር።

የሐዲድ ዳር ቤት ለመግዛት ያሰበ ነዋሪ ካለ ቀብድ ከመስጠቱ በፊት ለኮሚቴያችን ይንገረን። ሜትርና ጀሶ ይዘን አብረን እንሄዳለን፤ ለዚህ የምንጠይቀው ክፍያ የለም። ከመደቡ ሥር ያሉትን የውኃ ማለፊያዎችም ክረምት ሳይገባ በጋራ እንድንጠርግ የሚመጣው እሑድ ጠዋት አካፋና ዶማ ያላችሁ ይዛችሁ ውጡ፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነው።



የነዋሪዎች ማኅበር ኮሚቴ