ባልቻ ጋ ወራጅ አለ

የዛሬው ወጋችን ከልደታ ሰፈር ተነስቶ ወደ አንድ ክረምት ይወስደናል።

በልደታ የሚያልፍ ታክሲ ውስጥ «ባልቻ ጋ ወራጅ አለ!» የሚል ድምፅ ብርቅ አይደለም። ረዳቱ መልስ ይሰጣል፣ ሾፌሩ ጥግ ይይዛል፣ አንዷ የላብራቶሪ ውጤት ልትቀበል፣ ሌላው አራስ ሊጠይቅ ይወርዳሉ። ባልቻ ሆስፒታል ነው፤ ባልቻ ፌርማታ ነው። ሰው እንደነበረ፣ ያውም እንዴት ያለ ሰው እንደነበረ፣ ለማሰብ ግን ጊዜ ያለው የለም። የታመመ ሰው ስለ ታሪክ አይጠይቅም፤ አይፈረድበትም።

በዚያው ክፍለ ከተማ፣ ወደ ሰንጋ ተራ በኩል ስትሉ፣ ጥቁር አንበሳ አለላችሁ። ሁለቱም ሆስፒታሎች የሚጠሩት ጣሊያንን በተዋጉ ሰዎች ስም ነው። አንደኛው የአድዋ ሽማግሌ፣ ሌሎቹ ጢማቸው ገና በቅጡ ያልጠና ተማሪዎች። ሽማግሌውንና ልጆቹን አንድ ክረምት ለአንድ ጉዳይ አስነስቷቸዋል። የ1928 ክረምት።

ነገሩን ከሥሩ እናንሳው። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ በባቡር ከአዲስ አበባ ወጡ። በሦስተኛው ቀን፣ ሚያዝያ 27፣ የማርሻል ባዶሊዮ ጦር ከተማዋን ያዘ። ግንቦት 1፣ የልደታ ማርያም ታቦት በሚነግሥበት፣ እናቶቻችን ደጅ ወጥተው ንፍሮ በሚቀቅሉበት ዕለት፣ ሙሶሊኒ ሮም ላይ ሰገነት ወጥቶ ኢትዮጵያ የኢጣሊያ ግዛት ሆናለች ብሎ አወጀ። ሰኔ 23 ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቭ ላይ ቆመው የአገራቸውን በደል ተናገሩ። ዓለም አዳመጠ፤ ከወንበሩ ግን አልተነሳም። ሐምሌ 8 ቀን የዓለም መንግሥታት ማኅበር በኢጣሊያ ላይ ጥሎት የነበረው ማዕቀብ አበቃ። በዲፕሎማቶቹ መዝገብ ላይ ኢትዮጵያ የተዘጋ ፋይል ሆነች።

ማዕቀቡ በተነሳ በ13ኛው ቀን፣ ሐምሌ 21፣ ጉዳዩ አልቋል የተባለለት ሕዝብ ዋና ከተማውን ሊያስለቅቅ በዝናብ ውስጥ መጣ።

አድማጮች፣ ይህን ቀን ብዙዎቻችን አናውቀውም። የካቲት 12ን እናውቃለን። ሚያዝያ 27ን የድል ቀን ብለን እናከብራለን። ሐምሌ 21 ግን ያልተሳካ ውጊያ ነውና በታሪክ መጽሐፋችን ውስጥ በጥቂት መስመር ታልፏል።

ዕቅዱ ደፋር ነበር። ባዶሊዮን የተካው ግራዚያኒ ከተማዋን ይዟል እንጂ አገሩን አልያዘም። ክረምቱ ገብቶ መንገዱ ጭቃ ሆኗል፤ ስንቅና ጥይት የሚያመጣለት የጅቡቲው የባቡር ሐዲድ ነው። አርበኞቹ ይህን ድክመት አይተዋል። የራስ ካሣ ልጆች፣ ደጃዝማች አበራ ካሣና ወንድማቸው አስፋወሰን ካሣ፣ ከሰላሌ ተነሱ። ጣሊያን ከመግባቱ በፊት የአዲስ አበባ ፖሊስ አለቃ የነበሩት አበበ አረጋይ ከሰሜን፣ ደጃዝማች ፍቅረማርያም ከምሥራቅ፣ ዘውዱ አስፋው ከምዕራብ፣ ደጃዝማች ባልቻ ደግሞ ከደቡብ ምዕራብ እንዲገቡ ተባለ። ከአምስት አቅጣጫ፣ በአንድ ጊዜ።

«በአንድ ጊዜ» የሚለው ነው የቸገረው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ድሩ እንዲያብር ግን አንዱ ክር ሌላው የት እንደደረሰ ማወቅ አለበት። ጣሊያን ራዲዮና ቴሌግራፍ ነበረው። አርበኛው የነበረው ጎርፍ የሚሻገር መልእክተኛ ነው። የሐምሌ ወንዝ ደግሞ መልእክተኛን አይጠብቅም። አንዱ ጦር ሲደርስ ሌላው ከወንዝ ማዶ ቀረ። ከሰሜን በኩል የመጡት ወደ ከተማዋ ዘልቀው ተዋጉ። ወገን ሳይደርስላቸው መትረየስና አውሮፕላን ጠበቃቸው። የደጃዝማች ባልቻ ጦር የደረሰው ሌሎቹ ከተመቱ በኋላ ነበርና እሱም ተመልሶ ወጣ። ውጊያው ቀናት ፈጅቶ ከሸፈ።

እኔ ይህን ታሪክ በማይክሮፎን ፊት ስናገር አንድ ነገር ይከነክነኛል። ዛሬ እናንተ ዘንድ የሚደርሰው ይህ ድምፅ፣ ለእነዚያ ሰዎች ለአንድ ማለዳ ብቻ ቢደርሳቸው ኖሮ፣ ምናልባት የዚያን ክረምት ታሪክ በሌላ ዓይነት እናወራው ነበር። ጀግንነት አልጎደላቸውም። የጎደላቸው መገናኛ ነው።

ከአርበኞቹ ጋር የነበሩት አቡነ ጴጥሮስ በጠላት እጅ ወደቁ። ለጣሊያን ተገዙ ብለው ሕዝቡን እንዲሰብኩ፣ አርበኞቹን እንዲያወግዙ ተጠየቁ። እምቢ አሉ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 በሕዝብ ፊት በጥይት ተገደሉ። ሐውልታቸው በ2005 ለቀላል ባቡሩ ግንባታ ሲነሳ ብዙ ሰው ሆዱ ባብቶ ነበር፤ በ2008 ወደ ቦታው ተመለሰ። እግረ መንገዳችሁን በዚያ ስታልፉ ግን ይህን አስተውሉ፦ አቡኑ የሞቱት ለብቻው በተፈጠረ ታሪክ ውስጥ አይደለም። ከጀርባቸው ዋዜማውን በጭቃና በጎርፍ የተዋጋ ያ ሁሉ ሠራዊት አለ። ሰማዕቱን አስበን ሠራዊቱን መርሳት ታሪኩን ከወገቡ መቁረጥ ነው።

አሁን ወደ ልደታችን እንመለስ። ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ፣ በፈረስ ስማቸው አባ ነፍሶ፣ በልጅነታቸው ተማርከው ከምኒልክ ቤት ያደጉ ሰው ናቸው። አድዋ ላይ መድፍ የተኮሱ፣ ኋላም ሲዳሞንና ሐረርን የገዙ መኮንን። ኋላ ንጉሠ ነገሥት ከሆኑት ከራስ ተፈሪ ጋር ግን አልተስማሙም። በ1920 ጦራቸውን አስከትለው አዲስ አበባ ዳር ቢሰፍሩም ጦሩ ከሥራቸው ተበተነ፤ ታሰሩ፤ ከሹመትም ወረዱ። ከመንግሥት ጋር የተቀያየሙ፣ ዕድሜያቸው 70ን የተሻገረ ሽማግሌ ነበሩ እንግዲህ። ጣሊያን ሲመጣ «የራሱ ጉዳይ፣ ያሰረኝ ይዋጋ» ቢሉ ማን ይፈርድባቸው ነበር? እሳቸው ግን ቂማቸውን እዚያው ትተው ጠመንጃቸውን አነሱ። ከ40 ዓመት በፊት አድዋ ላይ ያባረሩትን ጠላት እንደገና ገጠሙ። ጥቅምት 1929 በጉራጌ ምድር ተከበው ወደቁ። እጄን ልስጥ ብለው ጠላትን ካስጠጉ በኋላ ተኮሱበት እየተባለ እስከ ዛሬ ይወራላቸዋል።

እኔ ከዚህ ሁሉ ትልቁ የምለው ቂማቸውን መተዋቸውን ነው። መድፍ መተኮስ ይለመዳል። ካሰረህ መንግሥት ጋር ያለህን ሒሳብ ለአገር ብለህ መተው ግን ትምህርት ቤት የለውም።

ጥቁር አንበሶች ደግሞ የሌላ ዘመን ልጆች ነበሩ። የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖችና ከውጭ አገር ተምረው የተመለሱ ወጣቶች ወለጋ ላይ ተሰባሰቡ። ሊቀመንበራቸው የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ። ልጆቹ መጀመሪያ የጻፉት ሕግ ነው፦ ገበሬውን አትበድል፣ ምርኮኛን አታሰቃይ የሚል። ጠላት መንደር እያቃጠለ ባለበት ሰዓት ይህን መጻፍ ቀላል አይደለም። በሰኔ 1928 ቦነያ ላይ ያረፉትን የጣሊያን አውሮፕላኖች ሌሊት ወርረው አቃጠሉ፤ ጄኔራል ማሊዮኮም እዚያው ሞተ። የንጉሠ ነገሥቱን እንደራሴ ራስ እምሩን ተከትለው ወደ ደቡብ ሲሻገሩ ታኅሣሥ 1929 ጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበቡና ጦሩ እጁን ሰጠ። ከሁለት ወር በኋላ የካቲት 12 ደረሰ። ግራዚያኒ ቦምብ ተጥሎበት ሲቆስል በቀሉ የተማረውን ወጣት እየመረጠ ወረደ፤ ከጥቁር አንበሶች ብዙዎቹ ያኔ ተረሸኑ። አገሪቱ ለነገ ያስተማረቻቸውን ልጆች ያጣችው በዚያ ሰሞን ነው።

የሐምሌ 21 መሪዎችስ? አበራና አስፋወሰን ካሣ ምሕረት ይደረግላችኋል ተብለው ታኅሣሥ 1929 ፍቼ ላይ እጃቸውን ሰጡ፤ ቃሉ ታጥፎ ተገደሉ። ባለቤታቸው ደጃዝማች አበራ የተገደሉባቸው ወይዘሮ ከበደች ሥዩም ነፍሰ ጡር ሆነው ጦሩን ይዘው ዱር ገቡ። አበበ አረጋይ አምስቱን ዓመት ሸዋ ላይ ሲዋጉ ቆይተው ነፃነትን በዓይናቸው አዩ። ጣሊያን ከተማዋን በያዘ ልክ በአምስተኛ ዓመቱ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933፣ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ።

ከባልቻና ከጥቁር አንበሳ ሌላ፣ ወደ ጦር ኃይሎች በኩል ያለው ሆስፒታል እንኳ የዚያው ዘመን ማስታወሻ ነው። መጀመሪያ የተሠራው በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በልዕልት ፀሐይ ስም ነበር። ልዕልቲቱ በስደት ለንደን ላይ ነርስነት ተምረው፣ ጀርመን ከተማዋን በቦምብ ሲደበድብ ቁስለኛ ያስታምሙ ነበር። አገራቸው ነፃ ከወጣች በኋላ ብዙም ሳይቆዩ በ1934 አረፉ። ጠመንጃ ያነሳም፣ ፋሻ የጠቀለለም፣ ያ ትውልድ ያገለገለው በያለበት ነው።

እንግዲህ የኔ ፍርድ ይህ ነው። ሐምሌ 21 ቀን ከተማዋ አልተለቀቀችም፤ በውጊያ ሚዛን ከተለካ ተሸንፈናል። ግን ዓለም ፋይሉን በዘጋበት ወር እነዚያ ሰዎች ፋይሉን ከፍተው አስቀመጡት። ከዚያ ክረምት በኋላ ግራዚያኒ በአዲስ አበባ ያለ ሥጋት የተኛበት ሌሊት ያለ አይመስለኝም። የ1933ቱ ድል ዘሩ የተዘራው በ1928 ጭቃ ውስጥ ነው። ድልን ብቻ የሚያከብር ሕዝብ ለድሉ የተከፈለውን ግማሽ ዋጋ አያውቀውም።

በ1928 የ15 ዓመት ልጅ ሆኖ ለአርበኛ ስንቅ ያቀበለ ሰው ዛሬ ቢኖር ከ100 ዓመት በላይ ነው። አርበኞቹን በአካል የምናገኝበት ዘመን አብቅቷል ማለት ይቻላል። ልጆቻቸው ግን አሉ፤ እነሱም አርጅተዋል። በየቤቱ ግድግዳ ላይ ሜዳልያ ደርድሮ የቆመ ሰው ፎቶግራፍ አለ፤ ስሙን የሚያውቁት አንዲት አክስት ብቻ የሆኑበት ቤት ብዙ ነው።

ስለዚህ አድማጮች፣ አደራ የምላችሁ ነገር አለ። ሐምሌ 2028 ሲመጣ ያ ውጊያ 100 ዓመት ይሞላዋል። እስከዚያ ድረስ ቤታችሁ ያሉትን አባት፣ እናት፣ አክስት፣ አጎት ጠይቁ፤ በስልካችሁ ድምፃቸውን ቅዱ፤ ከፎቶግራፉ ጀርባ ስሙን፣ የተዋጋበትን ቦታና የጦር አለቃውን ጻፉ። የታሪክ መምህራን፣ ተማሪዎቻችሁን ስለ ሐምሌ 21 አንድ ክፍለ ጊዜ አስተምሯቸው። የጥንታዊት ኢትዮጵያ ጀግኖች አርበኞች ማኅበርም ያላችሁን ማስረጃ ይፈልገዋልና ውሰዱለት። የአበባ ጉንጉን ማስቀመጥ መልካም ነው፤ ግን ጉንጉኑ በሳምንቱ ይደርቃል። የተጻፈ ስም ይቆያል። በሉ፣ እኛ ልጆቻቸው በሕይወት ሳለን እንጻፈው።