የተተካ ጕልበት ሲከዳ



በዛሬው ንግግሬ ላስረዳችሁ የማስበው፥ በሰው ሠራሽ የተተካ የጕልበት መጋጠሚያ መጽናት አቅቶት የሚከዳበትን ምክንያትና ሐኪሞች በቀዶ ጥገና የሚያቃኑበትን መንገድ ነው።

የበርሊኑ ሐኪም ቴሚስቶክለስ ግሉክ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1890 ዓ.ም. ከዝሆን ጥርስ የተሠራ ማጠፊያ በሰው ጕልበት ውስጥ አኖረ። ጕልበት ግን እንደ በር ማጠፊያ አይደለም፤ ሲታጠፍ ይንከባለላል፥ ይንሸራተታል፥ ጥቂትም ይዞራል። ስለዚህ በዛሬው ዘመን አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው የጭኑን አጥንት ጫፍ የሚያለብስ ብረት፥ በቅልጥሙ አጥንት ራስ ላይ የሚቀመጥ የብረት ገበታ፥ በሁለቱም መካከል ፖሊኤቲሊን የሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። መጋጠሚያው እንዳይዋልል አጽንቶ የሚይዘው ግን በአብዛኛው የበሽተኛው የገዛ ራሱ ጅማት ነው። የነገሩ ሁሉ ቍልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው።

እግሩ ሲዘረጋና ሲታጠፍ በአጥንቶቹ መካከል የሚቀረው ክፍተት እኩል ካልሆነ፥ ወይም የጐኑ ጅማት ከተጐዳ፥ ወይም ፕላስቲኩ ከዓመታት በኋላ ከተበላ ጕልበቱ ይላላል። ሲታጠፍ ብቻ የሚላላው እጅግ አታላይ ነው፤ ባለቤቱ በሜዳ ላይ ደኅና ይሄዳል፥ ከመሥሪያ ቤቱ ደረጃ ሲወርድ ወይም ከወንበሩ ሲነሣ ግን ይከዳዋል፥ ማታም ያብጣል። በራጅ ቢታይ ሁሉ ነገር ደኅና ሊመስል ይችላል። እንግዲህ አባታችሁ ወይም ጡረታ የወጣ ባልደረባችሁ ይህን ቢነግራችሁ በእርጅና አታሳብቡበት፤ ጕልበቱን በእጁ እያጠፈና እየዘረጋ ወደሚመረምር የአጥንት ሐኪም ላኩት።

ሐኪሙም ከሁሉ አስቀድሞ ከመጋጠሚያው ውኃ ቀድቶ ያስመረምራል፤ የመረቀዘ ጕልበት ሕክምናው ሌላ ነውና። ቀላሉ መላላት የጭኑን ጡንቻ በሚያጠነክር እንቅስቃሴና በድጋፍ ሊሻል ይችላል። ካልተሻለ ቀዶ ጥገና ይከተላል። በሽተኛው አብዝቶ የሚመኘው ፕላስቲኩ ብቻ በወፍራም እንዲለወጥለት ነው፤ ነገር ግን ብረቱ ተዛብቶ ተቀምጦ ከሆነ ወፍራም ፕላስቲክ ጕድለቱን አይሽረውም፥ እንዲያውም እግሩ እንዳይዘረጋ ሊያግደው ይችላል። ያን ጊዜ ብረቱም ወጥቶ በሌላ ይተካል። የኋላው መስቀለኛ ጅማት ብቻ የደከመ እንደሆነ በመካከሉ ምሰሶ ያለው ዓይነት ሊበቃ ይችላል፤ የጐን ጅማቶች ከላሉ ረጅምና ወፍራም ምሰሶ ያስፈልጋል፤ ፈጽመው ከጠፉ ግን ግሉክ ወደ ጀመረው ማጠፊያ፥ እርግጥ ዛሬ ጥቂት እንዲዞር ሆኖ ወደ ተሻሻለው፥ መመለስ ግድ ይሆናል።

ይሁንና ማሠሪያው በጠነከረ መጠን ጅማት ይሸከመው የነበረው ኃይል ወደ ሲሚንቶውና ወደ አጥንቱ ይተላለፋል። ስለዚህ ወደ አጥንቱ ውስጥ የሚዘልቅ ዘንግ ይጨመራል፤ ብልህ ሐኪምም ከሚበቃው በላይ አያጠብቅም።

ቀጠሮ ከመቀበላችሁ በፊት፥ የመጀመሪያው ጕልበት ስለ ምን እንደ ላላ ሐኪሙን ጠይቁት፤ ምክንያቱ ሳይለይ የሚገባው ሁለተኛው ብረትም እንደ ፊተኛው ሊከዳ ይችላልና።