ከእንቁላል ትሪ የተሠራው የድንጋይ በረንዳ

(በማኅበራችን አዳራሽ፣ በወሩ የመጨረሻ እሑድ ለነዋሪዎች የተደረገ ንግግር)



 ባለፈው ስብሰባ አንዳንዶቻችሁ «ኮሚቴው የፍሳሹን ጉዳይ ትቶ የአሻንጉሊት ቤት ይሠራል አሉ» ስትሉ ሰምተናል። የፍሳሹ ጉዳይ አልተተወም፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ይቀርባል። የዛሬው ንግግራችን ግን፣ አንዋሽም፣ በእርግጥ ስለ አሻንጉሊት ቤት ነው። ይኸውም ስለ ወለሉ።

እንደሚታወቀው፣ አሁን ስትገቡ የረገጣችሁት በረንዳ የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ነው። ቀድሞ በጥርብ ጥቁር ድንጋይ የተነጠፈ ነበር። ድንጋዩን ማን አስነሣው ብትሉ፣ ሌላ ማንም አይደለም፣ እኛው ነን። አዳራሹ ሲታደስ «ዘመናዊ ይሁን» ብለን እጅ አውጥተን ወሰንን፤ ድንጋዩም ግማሹ በጋሪ ተጫነ፣ ግማሹ በየግቢው ገባ። በክረምት ሴራሚኩ ላይ ስንቶቻችን እንደ ተንሸራተትን መናገር አያስፈልግም። ያንን ድንጋይ በወጣትነታቸው ያነጠፉት አዛውንት ግንበኛችን፣ ሲነሣ ከአጥሩ ውጭ ቆመው ያዩ እንደ ነበር የሰማነው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። አንድ ሰው እንኳ ሄዶ አላማከራቸውም።

ዘንድሮ የሰፈራችን መዋዕለ ሕፃናት ለልጆቹ የአሻንጉሊት ቤት እንድንሠራለት ጠየቀን። የማንን ቤት እንሥራ ስንባባል፣ ልጆቹ ራሳቸው «አዳራሹን!» አሉ። ደግ፤ አዳራሹን እንሠራለን፣ ነገር ግን በረንዳው የድሮው ይሁን ብለን ተስማማን።

ከሁሉ በፊት ልኩን መወሰን ያስፈልጋል። በዚህ ሥራ የተለመደው 1 ለ12 የሚባለው ነው፤ በእውነተኛው ቤት 12 ሳንቲ ሜትር የሆነው በትንሿ ቤት 1 ሳንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ልኩ የኛ ፈጠራ አይደለም። በእንግሊዝ አገር በዊንዘር ቤተ መንግሥት የሚታየው፣ እ.ኤ.አ. በ1924 የተጠናቀቀው የንግሥት ሜሪ የአሻንጉሊት ቤት የተሠራው በዚሁ ልክ ነው፤ ውሃውም በቧንቧ ይፈሳል፣ መብራቱም ይበራል። በአሜሪካ በቺካጎ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ያሉት 68 የቶርን ትንንሽ ክፍሎችም ልካቸው ይኸው ነው። እነዚያ የሠሩት በባለሙያና በብዙ ገንዘብ ነው፤ እኛ የነበረን ኮምፔንሳቶ፣ ኮላና የእንቁላል ትሪ ነው።

የበረንዳው ልክ ከድሮው ወረቀት ተገኘ፤ ርዝመቱ 6 ሜትር፣ ወርዱ 2 ሜትር ከ40። ለ12 ሲካፈል 50 ሳንቲ ሜትር በ20 ሆነ። የድንጋዮቹ ልክ ግን የትም አልተጻፈም። ታዲያ ምን አደረግን? ማስመሪያ ይዘን በየቤቱ ዞርን። ስድስት ድንጋይ አገኘን። ሁለቱ ልብስ ይታጠብባቸዋል፣ አንዱ የበር መረገጫ ሆኗል፣ አንዱ የጎመን መደብ ጠርዝ ይዟል፣ ሁለቱ ደግሞ ከውሃ በርሜል ሥር ናቸው። (በርሜሉን ገልብጠን ስላስለካን እናታችን ይቅርታ እንጠይቃለን።) አብዛኞቹ 48 በ36 ሆነው ተገኙ፤ በትንሿ ቤት 4 ሳንቲ ሜትር በ3 ይሆናል። በድንጋይና በድንጋይ መካከል የነበረው ክፍተት አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ስለሆነ፣ እኛ አንድ ሚሊ ሜትር ከትንሽ ተውን። ልብ በሉ፣ በትንሽ ቤት ላይ ዓይን ቶሎ የሚይዘው ይኸ ክፍተት ነው። ከሰፋ ወለሉ የድንጋይ መሆኑ ይቀርና የቸኮሌት ጡብ ይመስላል።

ለምን እውነተኛ ድንጋይ አልቆረጣችሁም የሚል ይኖራል። ሞክረናል። ኮብልስቶን የሚጠርብ የሰፈራችን ወጣት ስንጣሪ አምጥቶልን ነበር፤ ግን በመሮ ሦስት ሚሊ ሜትር አድርጎ መሰንጠቅ አይቻልም፣ በማሽን ሲቆረጥም ብናኙ ለሳንባ ክፉ ነው። ደግሞም እውነተኛ ድንጋይ በትንሽ ቤት ውስጥ ድንጋይ አይመስልም። ቅንጣቱ ከአሻንጉሊቷ ጫማ ይበልጣል! የእንቁላል ትሪ ግን ከወረቀት ቡቃቂ የተጨመቀ ስለሆነ ፊቱ ሻካራና ጎርበጥባጣ ነው፤ ቀለም ሲቀባ ጥርብ ድንጋይን ቁርጥ ያደርጋል። የፕላስቲኩ ትሪ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የትሪውን ጎንና ጎን ቆርጦ፣ በእርጥብ ጨርቅ አለስልሶ፣ በሁለት ጣውላ መካከል አድርጎ፣ ከላይ ከባድ ነገር ጭኖ አንድ ቀን ማሳደር። ጠፍጣፋ ሲሆን በማስመሪያና በምላጭ መቁረጥ። ሁሉም አንድ ልክ መሆን የለበትም፤ ጠራቢ ማሽን አይደለም። ማዕዘኑን በጥፍር ትንሽ መሸራረፍ፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አሸት ማድረግ። ለበረንዳችን ወደ 80 ገደማ ይበቃ ነበር፤ የሚበላሸውን አስበን 100 ቆረጥን። ድርደራው የሚጀመረው ሰው ከሚያየው ከፊት ጠርዝ ነው፤ ተቆርጦ የሚገባው ቁራጭ ከኋላ፣ ከግድግዳው ሥር ይደበቃል። ወለሉንም ከቤቱ ጋር አለማጣበቅ ይሻላል። በተለየ ስስ ኮምፔንሳቶ ላይ ከተሠራ ሲበላሽ ተነሥቶ ይታደሳል።

አሁን ወደ ጥፋታችን እንምጣ። የመጀመሪያውን ወለል ሦስት ቅዳሜ ሠርተን ጨረስን፤ ግራጫ ቀባነው፣ አማረ። ከዚያ ክፍተቱን ለመሙላት ስቱኮ በውሃ አላልተን ላዩ ላይ አፈሰስንና በእርጥብ እስፖንጅ ጠረግን። በማግስቱ ስንመጣ ድንጋዮቹ ሁሉ አብጠዋል! ውሃው ወረቀቱ ውስጥ ገብቶ፣ ግማሾቹ ከሥር ተነቅለው፣ ኮምፔንሳቶውም እንደ ምጣድ ክዳን ተቆልምሟል። አንደኛችን እናድነው ብሎ በሚያብረቀርቅ ቨርኒሽ ሁለት እጅ ቀባው። የባሰ ሆነ፤ ዝናብ የመታው ላስቲክ መሰለ። ልጆቹ በዚያው ሳምንት ለማየት መጥተው ነበርና አንዷ «ይኼ ጭቃ ነው?» ብላ ስትጠይቅ መልስ አጣን።

በዚህ ጊዜ ነው ከመካከላችን አንዱ «ለምን አባባን አንጠይቅም?» ያለው። ሁላችንም ዝም አልን። በረንዳው ሲነሣ ያላማከርናቸውን ሰው፣ ለአሻንጉሊት በረንዳ ማማከር ያሳፍራል። ሆኖም ሄድን። አዛውንቱ ዛሬ ዓይናቸው ደክሟል፤ ወለሉን ጭናቸው ላይ አድርገው በጣታቸው ዳሰሱት።

«ልጆቼ፣ ይኼ እኮ ድንጋይ አይደለም፣ ዳቦ ነው» አሉን።

«አዎ አባባ፣ ውሃ ገብቶበት ነው።»

«ውሃስ ይሁን። አራት ማዕዘን አንድ ቦታ የሚገናኘው ምን ሲሆን ነው? እኔ እንዲህ አላነጠፍኩም።» ጣታቸውን በመጋጠሚያው ላይ አስኬዱ። እውነታቸውን ነው፤ እንደ ሴራሚክ መስቀልያ አድርገን ደርድረነዋል። የድንጋይ ወለል አንዱ ረድፍ ከሌላው እየዘለለ፣ መጋጠሚያው በላይኛው ድንጋይ ሆድ ላይ መውደቅ አለበት። ቀጥለውም «ውሃው ወዴት ይሄዳል?» ብለው ጠየቁን። የአሻንጉሊት ቤት እኮ ዝናብ አይዘንብበትም ልንል አስበን ነበር፤ አልደፈርንም። በረንዳውን በሜትር ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ግቢው አዘቅዝቀው እንደ ሠሩት ነገሩን። 2 ሜትር ከ40 ላይ 4 ሳንቲ ሜትር ከ8 ሚሊ ሜትር ማለት ነው፤ ለ12 ሲካፈል 4 ሚሊ ሜትር። ለዚህ ነው ለካ የድሮው በረንዳ በክረምት የማያንሸራትተው! ሻካራነቱ ብቻ አልነበረም፣ ውሃ አይቆምበትም ነበር። ሴራሚኩን ስናስነጥፍ ይህን የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ሁለተኛውን ወለል በትዕግሥት ሠራን። ኮምፔንሳቶውን በፊትም በጀርባም ቀለም ቀባነው፤ በአንድ ፊቱ ብቻ ሲረጥብ ነው የሚቆለመመው። ድንጋዮቹን እያዘለልን በኮላ ለጠፍን፣ ጣውላ ጭነን አሳደርን። ቀለሙን በአንድ ጊዜ አልቀባንም። መጀመሪያ ጥቁር ግራጫ በሙሉ፤ ከዚያ በእስፖንጅ ቁራጭ ነጣ ያለ ግራጫ ነካ ነካ፤ ጥቂቶቹን ድንጋዮች ብቻ ቡናማ፣ ጥቂቶቹን ሰማያዊ የቀላቀለ። የአምቦ ድንጋይ የሚወድ ሰው ቢጫና ቀላ ያለውን ይምረጥ፤ የኛ ግን ጥቁር ድንጋይ ነበር። በመጨረሻ ብሩሹን በነጭ ነክሮ፣ በጨርቅ ጠርጎ ሊደርቅ ሲል ላዩን ብቻ ዳበስ ማድረግ። ያን ጊዜ ጎርበጥባጣው ሁሉ ብቅ ይላል፣ ደስ ሲል!

ከዚህ በኋላ ነው ዋናው ነገር። ስቱኮው ከመግባቱ በፊት በማያብረቀርቅ ቨርኒሽ ሁለት እጅ ቀባን፣ በየመካከሉ በደንብ አደረቅን። ስቱኮውን ነጭ አልተውንም፤ ግራጫና ቡናማ ቀለም ጠብ አድርገን አፈር አስመሰልነው። በትንሽ በትንሹ በጣት ሞልተን፣ በተጨመቀ እስፖንጅ ወዲያው ጠረግን። አላበጠም። ከበሩ እስከ ደረጃው ሰው የሚመላለስበትን መሥመር ደግሞ በደረቅ ጨርቅ አሸት አሸት አድርገን ትንሽ አለሰለስነው፤ እግር የበላው ድንጋይ እንደዚያ ነውና። በግድግዳው በኩል ከሥር 4 ሚሊ ሜትር እንጨት አስገባን።

ለወላጆች አንድ ማሳሰቢያ አለን። የልጅ እጅ ለሚነካው ነገር ከመጋዘን የተገኘ አሮጌ የዘይት ቀለም አትጠቀሙ፤ እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፣ እርሳስ ደግሞ ሕፃናትን ይጎዳል። እኛ በውሃ የሚበጠበጠውን ወሰድን። እያንዳንዱን ድንጋይም በጥፍር እየጎተትን ሞክረናል። ሦስቱ ተነቀሉ፣ እንደገና ተለጠፉ። ከሦስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ያገኘውን ወደ አፉ ነውና።

ወለሉን ለሁለተኛ ጊዜ ለአዛውንቱ ወሰድን። ዳሰሱ፣ ብዙ ቆዩ። «ብይ አምጡ» አሉ። ከጎረቤት ልጅ ብይ ተዋስን፤ በግድግዳው በኩል አስቀመጧት። ሁለት ቦታ ተደናቅፋ፣ ወደ ግቢው በኩል ወርዳ ጭናቸው ላይ ወደቀች። ሳቁ። ከዚያም «የተሰነጠቀው የታል?» አሉን። የምን የተሰነጠቀ ብንል፣ በበሩ በስተግራ፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ ሲያነጥፉ መዶሻ ወድቆባቸው የሰነጠቁት ድንጋይ እንደ ነበር ነገሩን። በዚያች በረንዳ ስንት ዓመት ስንመላለስ አንዳችንም አላየነውም። እዚያው በምላጭ ሰነጠቅነው፤ የስንጥቁን አቅጣጫ በጣታቸው መሩን።

ቤቱ ከነገ ወዲያ ወደ መዋዕለ ሕፃናቱ ይሄዳል፤ ዛሬ ግን እዚያ ጠረጴዛ ላይ ስላለ ቡናው እስኪደርስ ቀርባችሁ እዩት። የኩሽናው ወለል ገና ሊሾ እንኳ አልሆነም፣ ስለዚህ የወረቀት የእንቁላል ትሪ ያላችሁ ለጸሐፊያችን አቀብሉ።

ሌላው፣ አዛውንቱ ያቀረቡት ጥያቄ አለ። የቀሩት ድንጋዮች ቢሰባሰቡ ለመዋዕለ ሕፃናቱ በር ደረጃ እንደሚበቁና ወጣቶቹን ቆመው እንደሚያሳዩ ነግረውናል። እኛ ስድስት አግኝተናል፤ ያልለካነውም ይኖራል። በሚቀጥለው ስብሰባ፣ ከፍሳሹ ጉዳይ ቀጥሎ፣ በእጅ ድምፅ ይወሰናል፤ በዚህ ጊዜ እሳቸውም ይገኛሉ። ድንጋይ ያላችሁ እስከዚያው ልብስ ማጠባችሁን አታቋርጡ፤ ስንት እንዳላችሁ ብቻ አስመዝግቡ።