ትንንሽ አይሮፕላኖች ከመሬት ሲነሡ ስለሚያገኛቸው አደጋ
(በትምህርት ቤታችን በዓል ቀን በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



ልንናገርበት የመረጥነው ነገር ለበዓል ቀን የሚስማማ አይመስል ይሆናል። ነገር ግን ከመካከላችን አይሮፕላን ነጂ ለመሆን የሚያስቡ ጓደኞች አሉ፤ እናቶቻቸውም ይህን በሰሙ ቍጥር ያማትባሉ። ስለዚህ በእውነት የሚያስፈራው የትኛው እንደ ሆነ ለይተን ብናስረዳ ይሻላል ብለን ነው።

ብዙ ሰው የሚፈራው አይሮፕላኑ በሰማይ ርቆ ሲታየው ነው። እኛን ግን ይበልጥ የሚያሳስበን ከመሬት ሲነሣ ያለው የመጀመሪያው ደቂቃ ነው። ከፍ ብሎ የሚበር ነጂ ቢሳሳት ስሕተቱን የሚያርምበት ብዙ አየር ከበታቹ አለው፤ ገና የተነሣው ግን ፍጥነቱም ከፍታውም ጥቂት ነው።

ክንፍ አይሮፕላኑን የሚሸከመው አየር በላዩና በታቹ ሲያልፍ ነው። ነጂው አፍንጫውን ከመጠን በላይ ሽቅብ አቅንቶ፥ ክንፉ ከሚመጣው አየር ጋር የሚሠራው ማዕዘን 15 ዲግሪ ከሚያህል በላይ ሲሆን፥ አየሩ ከክንፉ ጀርባ ይላቀቃል፤ ክንፉም ሸክሙን ይጥላል። ነጂዎች ይህን ስቶል ይሉታል። ሞተሩ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ሞተሩ እያገሣ ሳለም ይደርሳል። መድኃኒቱ አፍንጫውን ዝቅ ማድረግ ነው። ነገር ግን መሬት እየቀረበ ሲያዩ መሪውን ወደ ፊት መግፋት ለሰው ልብ እጅግ ይከብዳል፤ እጅ በገዛ ራሱ ወደ ኋላ ይስባል፥ ይህም ይብሱን ያከፋዋል።

በሚያዝያ 3 ቀን 1988 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር 1996) በአሜሪካ በዋዮሚንግ ግዛት በሻየን ከተማ የደረሰውን እንመልከት። ጀሲካ ዱብሮፍ የምትባል የ7 ዓመት ልጅ ከአባቷና ከበረራ አስተማሪዋ ጋር በአንዲት ባለ አንድ ሞተር ሴስና አገሩን ከዳር እስከ ዳር ለማቋረጥ ከካሊፎርኒያ ተነሥታ፥ የመጀመሪያውን ሌሊት ሻየን አደረች። በማግሥቱ ጧት ነጐድጓድና ዝናብ እየመጣ ሳለ ተነሡ። ወዲያው አይሮፕላኑ ስቶል ሆኖ ወደቀ፤ ሦስቱም ሞቱ።

መርማሪዎቹ ጥፋቱን በልጅቱ ላይ አላደረጉም። አይሮፕላኑ ከተፈቀደለት ክብደት በ96 ፓውንድ፥ ማለት በ44 ኪሎ ያህል ይበልጥ ነበር። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 1,876 ሜትር ያህል ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ የአይሮፕላኑ ኃላፊ የነበረው አስተማሪ ደግሞ እንዲህ ያለውን አየር አልለመደም። ጋዜጠኞች ይጠብቋቸው ስለ ነበረም ፕሮግራማቸውን ለማፍረስ አልወደዱም። በዚያው የአውሮፓ ዓመት ልጆች ለዝና ሲሉ አይሮፕላን እንዳይነዱ የሚከለክል ሕግ ወጣ። ሕጉ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን በዚያ ጧት «ዝናቡ እስኪያልፍ እንቈይ» ማለት የሚገባው ትልቅ ሰው ነበር።

ይህ ለእኛ ሩቅ ወሬ አይደለም። ቦሌ ከሻየን ይበልጥ ከፍ ያለ፥ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ በባሕር ዳር ካለው በአምስት እጅ አንዱን ያህል ይሳሳል፤ ቀትር ላይ ሲሞቅ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። የትንሽ አይሮፕላን ሞተር ይደክማል፥ ፕሮፔለሩም የሚይዘው አየር ያንሰዋል፥ ስለዚህ ለመነሣት ረጅም ሜዳ ይፈልጋል። በባሕር ዳር አራት ሰው ይዞ በቀላሉ የሚነሣው፥ እዚህ ሁለቱን አውርድ ሊል ይችላል። ወዳጅን ከአይሮፕላን ማውረድ ደግሞ በአገራችን ይሉኝታ ምን ያህል እንደሚከብድ እናውቃለን።

አንድ ነገር እንጨምር። በጥቅምት 19 ቀን 1928 ዓ.ም. (በአውሮፓ 1935) በኦሃዮ አንድ ባለ አራት ሞተር አዲስ የቦይንግ አይሮፕላን ለሙከራ ተነሣ። ነፋስ እንዳያንገላታቸው መሪዎቹን የሚይዘው መቈለፊያ ሳይፈታ ቀርቶ ስለ ነበር፥ አፍንጫው ሽቅብ ወጥቶ ስቶል ሆኖ ወደቀ፤ ሁለት ሰዎችም ሞቱበት። ከዚያ በኋላ ነጂዎች ከመነሣታቸው በፊት የሚያነቡት የጽሑፍ ዝርዝር ተዘጋጀ። ዛሬ በትንሹ አይሮፕላን ውስጥ እንኳ ይገኛል። ከጓደኞቻችን አንዱ ይህ ወረቀት ለጀማሪ ብቻ ነው ብሎ ተከራክሮን ነበር፤ በዚያ ቀን መሪውን የያዙት ግን በሥራቸው የተመሰገኑ የሙከራ ነጂዎች ነበሩ።